ቋጠሮው አልከዳንም

ጠዋት ጠዋት ከታቦር ሰፈር ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚወርድ ሰው፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ሳይደርስ የዓሣው ሽታ ይቀበለዋል። ሌሊቱን ውሃ ላይ ያደሩት ጀልባዎች ዳር ይይዛሉ፤ ቆሮሶውና አምባዛው ይራገፋል፤ ልጆቹ ቢላቸውን ስለው ቅርፊት መፋቅ ይጀምራሉ፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ወፎችም መላጣ አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ድርሻቸውን ይጠብቃሉ። እኔ ወደዚያ የምወርደው ለዓሣው ብቻ ሳይሆን ለወሬውም ነው። መንጠቆ የሚጥሉ ሰዎች ስላመለጣቸው ዓሣ ሲያወሩ መስማት እወዳለሁ።

ከጊዜ ወደ ጊዜ ግን አንድ ፍርድ በጆሮዬ እየበዛ መጣ። ልጁ ትልቅ አምባዛ ይዞ ነበር፤ ታገለ፣ አስጠጋ፣ እጁ ሊገባ ሲል ክሩ ተበጠሰ። በዙሪያው የቆሙት የተበጠሰውን ጫፍ እንኳ ተቀብለው ሳያዩ ይፈርዳሉ፦ «ቋጠሮ ነው ጉድ የሠራህ። ክሪምፕ አድርግበት!» ልጁ አንገቱን ይደፋል። ተራ የምትመስል ይህች ምክር ከአንዱ ወደ ሌላው ስትተላለፍ ቆይታ አሁን ማንም የማይጠይቃት እውነት ሆናለች፦ ብረት ይይዛል፣ ቋጠሮ ይከዳል፤ ክሪምፕ የዘመናዊ ሰው ነው፣ ቋጠሮ የድሮ።

ለማያውቀው ላስረዳ። በዋናው ክርና በመንጠቆው መካከል፣ የዓሣ ጥርስና ድንጋይ እንዳይበላው ወፈር ተደርጎ የሚገባ ቁራጭ ክር አለ፤ ሊደር ይሉታል። ይህን ሊደር ከመንጠቆው ጋር የምናገናኝበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው በጣት መቋጠር ነው። ሁለተኛው ደግሞ ክሩን በትንሽ የብረት ቱቦ አሳልፎ፣ በመንጠቆው ዓይን አዙሮ፣ እንደገና በዚያው ቱቦ መልሶ፣ ቱቦውን በመሣሪያ መጭመቅ ነው። ክሪምፕ የሚባለው ያ ቱቦ ነው። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ በወፍራም ሽቦ ጫፍ ላይ የሚጨምቀውን የብረት ጫፍ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

እኔ የምለው ይህ ነው፦ በሐዋሳ ሐይቅ፣ እዚህ በምንጠቀምበት ክር፣ እዚህ በምንይዘው ዓሣ ላይ ቋጠሮ የሚሻለው ማያያዣ ነው። የሚበጠሰውም ቋጠሮ ስለሆነ ሳይሆን ሳንማረው ስለምንቋጥረው ነው። ጥፋቱን በቋጠሮ ላይ መለጠፍ ከእውነት የራቀ ብቻ አይደለም፤ አጥማጁን ገንዘብ ያስወጣዋል፣ ዓሣ ያሳጣዋል፣ ሐይቁን ደግሞ በብጥስጣሽ ናይለን ይሞላዋል።

ቋጠሮ ይከዳል የሚለው ሰው በመጀመሪያ ዞር ብሎ ከኋላው የተዘረጋውን መረብ ይይ። መረብ ምንድን ነው? እያንዳንዱ ዓይኑ በአራት ማዕዘኑ የተቋጠረ ክር ነው። አንዱ መረብ ብቻ በሺህ የሚቆጠር ቋጠሮ አለው። አሞራ ገደል ከሚራገፈው ቆሮሶ አብዛኛው ውሃ ውስጥ ሳለ የተያዘው በእነዚህ ቋጠሮዎች መካከል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዓሣው ይንፈራገጥባቸዋል፣ ማዕበሉ ይጎትታቸዋል፣ ጠዋት በጀልባው ጠርዝ ላይ ይፈተጋሉ፤ ማታ ተመልሰው ይጣላሉ። እነዚህን ቋጠሮዎች «አይታመኑም፣ በብረት ይለወጡ» ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1913 ፊንላንድና ሩሲያ በሚዋሰኑበት አገር፣ አንትሪያ በሚባል ቦታ፣ ከዛፍ ልጥ የተሠራ የዓሣ መረብ ከመሬት ውስጥ ተገኝቶ ነበር። ዕድሜው ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ነው። ያም መረብ የተቋጠረ ነበር። ወደ እኛው እንመለስ ካልንም፣ ጣና ላይ ሰውና እንጨት ጭኖ የሚቀዝፈው የደንገል ታንኳ አንድም ምስማር የለውም። አንድ አድርጎ የያዘው እስር ነው።

መቼም ይህ ማስረጃ ብቻውን አይበቃም፤ የቆየ ነገር ሁሉ ትክክል አይደለምና። ስለዚህ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ክርክር በሙሉ ኃይሉ ላቅርበው። ቋጠሮ ክርን ያደክማል ይላሉ። እውነት ነው። ክር ሲታጠፍ የውጪ ጎኑ ይለጠጣል፣ የውስጥ ጎኑ ይጨመቃል፤ ቀጥ ብሎ ሲሳብ ሸክሙን እኩል ይካፈል የነበረው አካሉ አሁን በአንድ ወገን ብቻ ይሸከማል። ክር ከቋጠሮ ጋር ሲበጠስ ዘወትር የሚበጠሰው ሸክሙ ወደ ቋጠሮው በሚገባበት አንገት ላይ መሆኑ ለዚህ ነው። በነጠላ ክር ላይ የሚወድቅ ተራ ቋጠሮ፣ ነፋስ ወይም ችኮላ የሚያስረው ያ ጠንቀኛ ቋጠሮ፣ የክሩን ጉልበት ወደ ግማሽ ያወርደዋል። በሚገባ የተጨመቀ ክሪምፕ ግን የክሩን ጉልበት እምብዛም አይነካም። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን።

ግን እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ነገሩን ከግማሽ መንገድ ጥሎታል። ተራ ቋጠሮና ጥሩ ቋጠሮ አንድ አይደሉም። ጥሩ ቋጠሮ የሚሠራው በጥምጥም ነው። የገጠር ልጅ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል፦ ኮርማ የታሰረበትን ገመድ በእጁ ብቻ የያዘ ልጅ ይጎተታል፤ ገመዱን ግን ዛፍ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከጠመጠመው ያው ልጅ ያንኑ ኮርማ ጫፉን ብቻ ይዞ ያቆመዋል። እያንዳንዱ ጥምጥም ከሸክሙ የራሱን ድርሻ ይቀበላል፤ ወደ ልጁ እጅ የሚደርሰው ትርፍራፊው ነው። በመንጠቆ ዓይን አልፎ አምስት ስድስት ጊዜ በራሱ ክር ላይ የሚጠመጠም ቋጠሮም እንዲሁ ነው። ሸክሙ በአንዲት እጥፋት ላይ ከመውደቅ ይልቅ በጥምጥሞቹ ላይ ጥቂት በጥቂት እየቀለለ ይሄዳል። በጥንቃቄ የታሰረ ዩኒ የሚባል ቋጠሮ የክሩን ጉልበት ከመቶ 85 እስከ 95 ያህል ይዞ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ፓሎማር የሚባለው ደግሞ በድርብ ክር ስለሚቋጠር ያንኑ ያህል ይይዛል።

የሚቀረው ጠላት ሙቀት ነው፤ ከልጆቹ ዘንድ ትኩረት ያጣውም ይኸው ነው። ናይለን ልብስ መተኮሻ የሚያቀልጠው ነገር ነው። 220 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይቀልጣል፤ ከዚያ በፊትም ይለሰልሳል፣ መልኩ ይለወጣል። ከፖሊኤትሊን የሚሠራው የተጎነጎነ ክር ደግሞ በ150 ዲግሪ ገደማ ይሄዳል። ደረቅ ቋጠሮን በአንድ ጊዜ ጭርር አድርጎ የሚያጠብቅ ሰው ክሩን በክር ላይ እየፈተገ ነው፤ ፍትጊያው በቅጽበት የሚፈጥረው ሙቀት የክሩን ቆዳ ይልጠዋል። ቋጠሮው ሲታይ ጥብቅ ነው፣ ያምራል፤ አንገቱ ግን ታሟል። መድኃኒቱ ምራቅ ነው። ከማጥበቅ በፊት ማርጠብ፣ ከዚያ በዝግታ መሳብ፣ ጥምጥሞቹ አንዱ በሌላው ላይ ሳይወጡ ተደርድረው እንዲቀመጡ ማየት። እናቶቻችን ክር ወደ መርፌ ዓይን ሲያስገቡ ጫፉን በከንፈራቸው የሚያረጥቡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ርጥብ ክር እሺ ይላል።

የተበጠሰው ጫፍ ራሱ ይናገራል፤ የሚያነበው ካገኘ። ጫፉ እንደ ሕፃን ጠጉር ከተጠቀለለ ቋጠሮው ሾልኳል፤ ማለትም ጥምጥሙ አንሷል ወይም በደንብ አልጠበቀም። ጫፉ ነጭ ሆኖ ከሻከረ ድንጋይ ወይም ጥርስ በልቶታል፤ እዚህ ላይ ቋጠሮ ምንም በደል የለበትም። ቋጠሮው እንዳለ ኖሮ ክሩ ልክ በአንገቱ ላይ ከሄደ ደግሞ ወይ ደርቆ ታስሯል ወይ ከአቅሙ በላይ ተስቧል። አምባዛ የሚቆርጥ ጥርስ የለውም፤ መንጋጋው ላይ ያለው እንደ ሞረድ የሚሻክር የጥቃቅን ጥርስ ምንጣፍ ነው። ስለዚህ ሊደሩን ሲሞርደው ያድራል። ጠዋት አጥማጁ ክሩን በጣቱ ቢዳስሰው ሻካራነቱ ይታወቀው ነበር፤ ያንን ቁራጭ ቆርጦ አዲስ ቢያስር ደግሞ አይበጠስበትም ነበር። ክሪምፕ ለተሞረደ ክር ምን ያደርግለታል? እዚያው እንደተጨመቀ ይኖራል እንጂ።

አሁን ወደ ክርክሩ ልብ ልግባ። «ክሪምፕ የክሩን ሙሉ ጉልበት ይጠብቃል» ሲባል የትኛውን ክር ነው? ሊደሩን። ሊደሩ ደግሞ ሲጀመር ከዋናው ክር የወፈረ ነው። በቁጥር እንየው። ባለ 30 ፓውንድ ዋና ክር የያዘ ሰው ባለ 60 ፓውንድ ሊደር ቢያደርግ፣ ዋናው ክር ወደ 13 ኪሎ ተኩል፣ ሊደሩ ወደ 27 ኪሎ ይችላሉ። መንጠቆው ላይ ያለው ቋጠሮ መካከለኛ ነው እንበልና ከሊደሩ ጉልበት ከመቶ 20 ይውሰድበት። የሚቀረው 48 ፓውንድ ነው፤ ወደ 22 ኪሎ። አሁንም ከዋናው ክር እጅግ ይበልጣል። ዓሣው ክሩን ከመበጠስ ካልተመለሰ የሚበጠሰው ዋናው ክር ነው፤ የመንጠቆው ቋጠሮ ገና ሸክሙ አልተሰማውም። ያንን ቋጠሮ በብረት ለውጦ 48ቱን 58 ማድረግ፣ በሩ ክፍት በሆነ ቤት መስኮቱን በሁለት ቁልፍ እንደ መቆለፍ ነው። በዘንግና ክሩ በሚጠቀለልበት ሪል የሚያጠምድ ሰው ደግሞ የሪሉን ፍሬን የሚያስተካክለው በክሩ ጉልበት ሩብ ወይም ሲሶ ላይ ነው፤ በባለ 30 ፓውንድ ክር ይህ ከ4 ኪሎ ተኩል አይበልጥም። ዓሣው ከዚያ በላይ ሲስብ ክሩ ይለቀቅለታል። ታዲያ ስለ 22ና ስለ 26 ኪሎ መከራከራችን ለምንድን ነው?

ደካማው ቦታ ያለው ሌላ ጋ ነው፤ ቀጭኑ ዋና ክር ከወፍራሙ ሊደር ጋር በሚገናኝበት። እዚያ ላይ ደግሞ ክሪምፕ ጨርሶ አይረዳም። ቱቦ የሚሠራው እኩል ውፍረት ያላቸው ሁለት ክሮች፣ በተለይም አንዱ ክር ታጥፎ በራሱ ላይ ሲመለስ ነው። ቀጭንና ወፍራም ክር አንድ ላይ ብትከት ወፍራሙ ይጨመቃል፣ ቀጭኑ ይሾልካል፤ ቀጭኑን እስኪይዝ ብትጨምቀው ደግሞ ወፍራሙን ትደቁሰዋለህ። የትም አገር ያሉ ጎበዝ አጥማጆች ያንን ቦታ በቋጠሮ ያገናኙታል፤ ምርጫ ስለሌላቸው። እንግዲህ ከሁሉ የደከመው መገናኛ ለቋጠሮ ከተተወ፣ ጠንካራው ቦታ ላይ ብረት ማንጠልጠሉ ምን ይጨምራል?

ብዙ መንጠቆ በአንድ ረጅም ገመድ ላይ አድርገው ለአምባዛ የሚጥሉትም ከዚህ የተለየ አይደሉም፤ የእነሱ ጉዳይ እንዲያውም ይብሳል። ዋናው ገመድ ወፍራም ነው፤ ከእሱ ላይ ወደ እያንዳንዱ መንጠቆ የሚወርደው ቅርንጫፍ ክር ቀጭን ነው። አንዱ መንጠቆ ታች ግንድ ወይም የተጣለ አሮጌ መረብ ቢይዝ፣ አጥማጁ የሚፈልገው ያ ቅርንጫፍ ብቻ ተበጥሶ ቀሪው ገመድ ከነመንጠቆው እንዲወጣለት ነው። ቅርንጫፉን የያዘችው ቋጠሮ እንድትበጠስ የተቀመጠች ናት። በብረት ያጠነከራት ሰው አንድ መንጠቆ ላድን ብሎ ገመዱን በሙሉ ለሐይቁ ይሰጣል። በዚያ ላይ ለዚህ ሥራ ከሚሸጡት መንጠቆዎች ብዙዎቹ ዓይን የላቸውም፤ ጫፋቸው ጠፍጣፋ ነው። ክሩ የሚጠመጠመው በመንጠቆው አንገት ላይ ነው፣ ጠፍጣፋው ጫፍ እንዳይሾልክ ያግደዋል። እንዲህ ባለው መንጠቆ ላይ ክሪምፕ የሚያዞርበት ቀዳዳ እንኳ የለም።

አሁን ደግሞ ክሪምፕ ራሱ ምን እንደሚጠይቅ እናንሳ፤ ስለ እሱ የሚያወሩት ይህን ክፍል ይዘሉታልና። ቱቦው ከክሩ ውፍረት ጋር በትክክል መመጣጠን አለበት፤ በጣም ከሰፋ ይሾልካል፣ ከጠበበ ክሩን ይፍቀዋል። መጭመቂያው መሣሪያ ለዚያው ቱቦ ልክ የተሠራ ጎድጓዳ አፍ ሊኖረው ይገባል። ሁለቱም የቱቦው አፎች ሳይጨመቁ መተው አለባቸው፣ እንደ ጡሩንባ ትንሽ እንዲከፈቱ፤ አለበለዚያ የብረቱ ከንፈር ክሩን ይነክሰዋል። የተመለሰው ጫፍ ከቱቦው ጥቂት መውጣት አለበት፤ ብዙዎች ጫፉን በክብሪት አንድደው እንደ ምስር ፍሬ ያድቦለቡሉታል እንዳይሾልክ። ይህ ሁሉ ሲሟላ ክሪምፕ ጥሩ ነው፤ ይህን አልክድም። በሐይቁ ዳር ግን የማየው ምንድን ነው? ልኩ ያልታወቀ ቱቦና ሽቦ መቁረጫ ያለው ተራ ፒንሳ። ልጁ በሙሉ ጉልበቱ ይጨምቀዋል፤ ቱቦው ይጠፈጠፋል፣ ከውስጥ ክሩ ግማሹ ተቆርጧል። ከውጪ ሲታይ ብረት ነው፤ ያብረቀርቃል፤ ያስተማምናል። የሚያስቆጨኝ ይህ ነው፦ መጥፎ ቋጠሮ ራሱን ያሳያል። የተዛነፈ ጥምጥም፣ የነጣ አንገት፣ የሾለከ ጫፍ ለዓይን ይታያል። መጥፎ ክሪምፕ ግን ጥፋቱን ብረት ውስጥ ደብቆ፣ ትልቁ ዓሣ እስኪመጣ ዝም ይላል።

ሌላም አለ። አምባዛ ሲያዝ ይሽከረከራል፤ ራሱን እንደ ፈትል ያዞራል። ክሩ በዞረ ቁጥር ከብረቱ ቱቦ የሚወጣበት ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ይታጠፋል። ሽቦ በእጁ ወዲያ ወዲህ አጥፎ የቆረጠ ሰው ውጤቱን ያውቃል። ቋጠሮ ግን ከክሩ ጋር አንድ ሥጋ ነው፤ አብሮ ይታጠፋል፣ አብሮ ይለጠጣል። ሌሊት፣ ጀልባ በሚናጥበት፣ የተቆረጠውን በባትሪ ብርሃን እንደገና ለማሰር ደግሞ ቋጠሮ ከጣትና ከምራቅ በቀር የሚጠይቀው የለም።

አባቶቻችን ብረትን ይፈሩ ነበር ወይም አያውቁትም ነበር እንዳይባል፣ ሞፈርና ቀንበሩን ተመልከቱ። ማረሻውና ድግሩ ከሞፈሩ ጋር በሚያያዙበት፣ ብረት ከእንጨት ጋር በሚጋጭበትና መሬቱ ፊት ለፊት በሚገፋበት ቦታ ላይ ገበሬው ወገል አድርጓል፤ የብረት ቀለበት። ሞፈሩ ከቀንበሩ በሚገናኝበት፣ በሬዎቹ በሚወዛወዙበትና ሁሉም ነገር መንቀሳቀስ ባለበት ቦታ ላይ ደግሞ ምራን አስሯል፤ ጠፍር። ሁለቱን ማያያዣዎች በአንድ እርሻ ላይ፣ በአንዱ ሞፈር ሁለት ጫፎች አስቀመጣቸው። የትኛው ዘመናዊ ነው ብሎ አልጠየቀም። የትኛው መገናኛ ምን ዓይነት ጭንቀት እንደሚደርስበት ጠየቀ። ከእኛ የጠፋው ያ ጥያቄ ነው።

ያንን ጥያቄ ጠይቆ ወደ ክሪምፕ ለሚደርስ ሰው ግን ባርኔጣዬን አነሳለታለሁ፤ የሚደርስበት ቦታ አለና። ጫሞና ባሮ ላይ ነብር ዓሣ የሚባለው አለ፤ አፉን ሲከፍት እንደ ምስማር የሾሉ ጥርሶች ይታያሉ፤ ናይለንን በአንድ ንክሻ ይቆርጠዋል። ለእሱ ሊደሩ የብረት ሽቦ መሆን አለበት፤ የተጎነጎነ የብረት ሽቦ ደግሞ እንደ ናይለን ተቋጥሮ አይጠብቅም፣ ስለዚህ ክሪምፕ ቦታው ነው። በውቅያኖስ ላይ ለቱና በሺህ የሚቆጠር መንጠቆ የሚጥሉ መርከቦችም በክሪምፕ ይሠራሉ፤ የእነሱ ሊደር 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። ያን ያህል የወፈረ ናይለን በእጅ ሲሳብ ቋጠሮው አይጠብቅም፤ እንደ ወፍራም ሽቦ ተገትሮ ይቀራል። ለናይል ፐርች እንኳ ነገሩ ይለያል፤ ግብፅ ውስጥ ናስር ሐይቅ ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 የተያዘው የዓለም ክብረ ወሰን ዓሣ ከ104 ኪሎ በላይ ነበር፤ እንዲህ ላለው ፍጥረት የሚዘጋጅ ሰው በጣም ወፍራም ሊደር ቢመርጥና ቢጨምቀው አልከራከረውም። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ግን ነብር ዓሣም ናይል ፐርችም የለም። ያለን ቆሮሶ ነው፣ አምባዛ ነው፣ ጥቂት ሌሎች ናቸው። ክራችንም ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ከባሕር ሰው የተቀዳ ምክርን ዘጠና ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ሐይቅ ላይ ሳይለኩ መዝራት የምክሩ ጥፋት አይደለም፤ የእኛ ነው።

ታዲያ ይህ አስተሳሰብ እንዲህ የሰፋው ለምንድን ነው? ምክንያቱ የሚታየኝ አንድ ነው፦ ቋጠሮ ሻጭ የለውም። ክሪምፕ በከረጢት ይሸጣል፣ መጭመቂያው ይሸጣል፣ ወፍራም ክር ይሸጣል። ፓሎማርን የሚሸጥ ሱቅ የለም። ስለዚህ ክር በተበጠሰ ቁጥር የሚመጣው መፍትሔ የሚገዛ ነገር ነው። በሌሊት ሥራው የዕለት እንጀራውን የሚያገኝ ልጅ ከዚያች ገቢው ቆንጥሮ ቱቦ ይገዛል፤ ያ ሲበጠስበት ደግሞ ወፍራም ክር ይገዛል፤ ወፍራሙ ክር ለዓሣው ስለሚታየውና ማጥመጃውን ስለሚያገትረው የሚነክስለት ያንሳል። ይህን ሁሉ ያወጣው በአሥር ደቂቃ ሊማራት የሚችላትን ነገር ማንም ቁጭ ብሎ ስላላሳየው ነው። በዚህ እናደዳለሁ፤ አልደብቅም። ለአጥማጅ ማኅበራት ሥልጠና በተዘጋጀ ቁጥር ስለ መረብ ዓይን ስፋትና ስለ ዓሣ አያያዝ መነገሩ ተገቢ ነው፤ ግማሽ ቀን ደግሞ ለቋጠሮ ይሰጥ። ናይለን ገመድ፣ ጥቂት መንጠቆ፣ አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል።

ለማያውቀው ፓሎማርን እዚሁ ላሳየው። ክሩን አጥፈህ ድርብ ታደርገዋለህ። እጥፉን በመንጠቆው ዓይን ታሾልካለህ። በድርቡ ክር፣ ሳታጠብቅ፣ አንድ ተራ ቋጠሮ ትቋጥራለህ። መንጠቆውን ራሱን በቀረው እጥፍ ውስጥ ታሳልፈዋለህ። ምራቅህን ትቀባለህ፤ ሁለቱንም ጫፍ ይዘህ በዝግታ ትስባለህ፤ እጥፉ ከመንጠቆው ዓይን በላይ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ታያለህ። ትርፉን ትቆርጣለህ፣ እስከ ሥሩ ሳይሆን ጥቂት አስተርፈህ። አንድ የሠፈራችን ልጅ በመጀመሪያው ቀን አራቴ አበላሸው፤ በማግሥቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሠራው።

ከቁርጥራጩ ጋር የተያያዘ ሌላ ሐዘን አለብኝ። ሊደር ከላይ ሲበጠስ ከነመንጠቆው ሐይቁ ውስጥ ይቀራል። ናይለን ደግሞ እንደ ልጥ አይበሰብስም፤ ለብዙ ዘመን ይኖራል። ሐዋሳ ሐይቅ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ ከእሱ የሚወጣ የለም። የጣልነው ሁሉ እዚያው ይቀራል። እግሩ ላይ ክር ተጠምጥሞበት የሚያነክስ አባ ኮዳ አይቻለሁ፤ ክሩ ቆዳውን ቆርጦ ገብቷል፤ ወፉ ግን እንደ ሌሎቹ ተራውን ይጠብቃል። ያ ክር የማን እንደነበረ አላውቅም። በሚገባ ቢታሰር ኖሮ ግን ምናልባት ከአምባዛው ጋር ወደ ጀልባው ይገባ ነበር።

የማያምነኝ ሰው ካለ ሚዛን እንኳ አያስፈልገውም። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይዞ ይምጣ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ስለዚህ የባለ 30 ፓውንድ ክር ሙሉ ጉልበት 13 ሊትር ተኩል ገደማ ውሃ ማለት ነው፣ የጀሪካኑን የራሱን ክብደት ጨምሮ። ከአንዱ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ መንጠቆ እንስቀል። በአንዱ ክር ደረቅ ቋጠሮ፣ በሌላው በምራቅ የራሰ ፓሎማር፣ በሦስተኛው እዚያ ዳር እንደሚደረገው በፒንሳ የተጨመቀ ክሪምፕ። ጀሪካኑን አንጠልጥለን በጆግ ቀስ እያልን ውሃ እንጨምር፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚሄድ፣ ጫፉ ተጠቅልሎ ይሁን ነጥቶ አብረን እንይ። እኔ በእሑድ ጠዋት እዚያው ነኝ። የተበጠሱትን ጫፎች ግን መሬት ላይ አንተዋቸው፤ ሰብስበን ኪሳችን እንክተታቸው፤ አባ ኮዳዎቹ እዚያው ከጎናችን ቆመዋል።